በአረብ ዘመዶቻችን ቤት ስንከርም ሃይማኖታችንን እንዴት እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የምንኖረው ጅማ ነው። ታላቅ እኅቴ ከብዙ ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ ጆርዳን ሄዳ፣ እዚያው አማን ከተማ አንድ ሙስሊም አረብ አግብታ ትኖራለች። አሁን መንታ ልትወልድ ስለሆነ እናታችን፣ እኔና ሁለቱ ልጆቼ ሄደን ስድስት ወር ያህል እንድንቆይ ባለቤቷ ጠርቶናል። የምናርፈው ከአማቶቿ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ነገር ግን የሚታረደው ሥጋ፣ ጾማችን፣ የልጆቹ ነገርና ቤተ ክርስቲያን ማጣታችን ያሳስበኛል። እኅቴም ስለ ሃይማኖቷ አንድም ነገር ተናግራን አታውቅም። መሄዳችን ኃጢአት ይሆንብን ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን፣ መሄዳችሁ ኃጢአት አይደለም። አባታችን አብርሃም በጌራራ በእንግድነት ተቀምጧል፤ እመቤታችንም ልጇን ይዛ በግብፅ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በስደት እንደ ቆየች ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በማኅሌተ ጽጌ እያሰብን እናመሰግናለን። የምትወልድን ልጅ እናቷ ሄዳ ብታርሳት፣ እኅቷም አብራት ብትሆን የፍቅር ሥራ ነው። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ መሄዳችሁ ሳይሆን ስለ አኗኗራችሁ ነው።

ወደ አረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ከሄዱ እኅቶቻችን መካከል ማተባቸውን እንዲበጥሱ የተገደዱ እንዳሉ እናውቃለን፤ የእነርሱ መከራ ሌላ ነው። እናንተ ግን የምትሄዱት በአክብሮት ተጠርታችሁ ነው፤ እንደዚህ በእንግድነት ከርመው ከተመለሱ ምእመናን የምሰማውም ከዚህ የተለየ ነው። የከለከላቸው ሰው አልነበረም፤ ባለቤቶቹን ቅር እንዳያሰኙ ብለው የመጀመሪያውን ረቡዕ ዝም ብለው በሉ፤ ከዚያ በኋላ ዓርቡን ለመጾም አፈሩ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ የጾሙም የጸሎቱም ነገር ተረሳ። እኔ ለእናንተ የምፈራው ይህን ይሉኝታ ነው፤ ስለዚህም ዋናው ምክሬ ሥርዓታችሁን ከመሄዳችሁ በፊት፣ ካልሆነም በደረሳችሁበት ዕለት፣ በእኅትዎ በኩል ለባለቤቷና ለአማቶቿ በግልጽና በትሕትና አስታውቁ የሚል ነው። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ያደረገው ይህንኑ ነው። ማዕዱ ከቀረበ በኋላ ፊቱን አላዞረም፤ አስቀድሞ የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ፣ ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እየተሰጣቸው ዐሥር ቀን እንዲፈትኗቸውም ጠየቀ፤ እግዚአብሔርም በሰውየው ፊት ሞገስን ሰጠው (ዳን. 1፥8-16)።

በዚህ ጉዳይ ጅማ ያደገ ሰው ከማንም ይልቅ የተዘጋጀ ነው ብዬ አምናለሁ። በከተማችን ሠርግ ሲደገስ ክርስቲያኑ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን በሬ ወይም በግ ሙስሊም ጠርቶ ለብቻ ያሳርዳል፤ ድስቱም፣ ማቅረቢያውም፣ ወጥ ሠሪዎቹም ለብቻ ናቸው፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ ሥርዓት የሚቀየም ሰው የለም፤ እንዲያውም ያላሰናዳው ነው የሚታማው። እናንተም ለአማቶቿ ይህንኑ ንገሯቸው፦ «በአገራችን እንዲህ እንከባበራለን፤ ጎረቤቶቻችን የእኛን እርድ አይበሉም፣ እኛም የእነርሱን አንበላም፤ ፍቅራችን ግን የጸና ነው» ቢባሉ እንግዳ የሚሆንባቸው አይመስለኝም። በአማን እንግዳን ለማክበር በትልቅ ትሪ የሚቀርበው መንሰፍ የሚባለው ምግባቸው የበግ ሥጋ በደረቅ እርጎ ተቀቅሎ ሩዝ ላይ የሚፈስበት ነው። አስቀድሞ ካልተነገረ፣ ትሪው መሐል ላይ ከተቀመጠና የቤቱ አባወራ በእጁ መርጦ ሥጋውን ወደ እናንተ ካስጠጋ በኋላ እምቢ ማለት እርሱንም ያሳዝናል፣ እናንተንም ያስጨንቃል።

«የሚያቀርቡላችሁን ሁሉ ሳትመራመሩ ብሉ» የሚለውን የሐዋርያውን ቃል (1ኛ ቆሮ. 10፥27) ጠቅሰው ምን ችግር አለው የሚሏችሁ ይኖራሉ። ሐዋርያው ግን እዚያው በቀጣዩ ቁጥር ስለ ሌላው ሰው ሕሊና ሲባል መተው እንዳለ ይናገራል፤ አስቀድሞም መብል ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘለዓለም ሥጋ አልበላም ብሏል (1ኛ ቆሮ. 8፥13)። አባቶቻችን በስመ ሥላሴ ተባርኮ የታረደውን እንድንበላ ያቆዩልን ሥርዓት የልጆቻችሁ ሕሊና የተያያዘበት ስለሆነ በስድስት ወር እንግድነት ልትተዉት አይገባም። ይሁን እንጂ በሰው ቤት ተቀምጣችሁ የእነርሱን እርድ ርኩስ ብላችሁ አትጥሩ፤ ልጆቹም ይህን ቃል ከእናንተ እንዳይሰሙ ተጠንቀቁ። ሕፃን ሳያውቅ በልቶ ቢገኝም አታስደንግጡት፤ ስትመለሱ ለንስሐ አባታችሁ መንገር በቂ ነው።

በጾም ቀን የምትበሉት አታጡም። እዚያ አገር ለጾም የሚሆን ምግብ ብዙ ነው፤ በወይራ ዘይት የሚበላው ፉል፣ ከሽምብራና ከሰሊጥ የሚሠራው ሁሙስ፣ በዘይት የሚጠበሰው ፈላፍል፣ ምስሩን ከሩዝ ጋር ቀቅለው በተጠበሰ ሽንኩርት የሚያቀርቡት መጀደራ፣ ሁሉም ከሥጋና ከወተት የራቁ ናቸው። ለብነ የሚሉት ግን የወተት ስለሆነ በጾም አይነካም።

ቤተ ክርስቲያን እናጣለን ያሉትን በተመለከተ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ብዙ ሰው አረብ ሲባል ሁሉም ሙስሊም ይመስለዋልና። ጆርዳን ጌታችን የተጠመቀበት ወንዝ የሚያዋስናት፣ ሙሴ የተስፋይቱን ምድር የተመለከተበት የናባው ተራራ የሚገኝባት አገር ናት። በማዳባ፣ በሳልጥና በፉሔስ ከጥንት ጀምሮ የኖሩ፣ በዐረብኛ የሚጸልዩ ክርስቲያኖች አሉ። ነገር ግን መስቀል ያለበት ሕንፃ ሁሉ ለእናንተ አንድ አይደለም። በዚያ የሚበዙት የሩም ኦርቶዶክስ የሚባሉት ናቸው፤ እነርሱ ቤተ ክርስቲያናችን የማትቀበለውን የ451 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የኬልቄዶን ጉባኤ የተቀበሉ ስለሆነ፣ ገብታችሁ ብትሳለሙ ወይም ቆማችሁ ብትጸልዩ የሚነቅፋችሁ ባይኖርም ቅዱስ ቁርባን ልትቀበሉ አይገባም። በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ የሆኑት ቅብጦች (የግብፅ ኦርቶዶክሳውያን)፣ ሶርያውያንና አርመኖች ናቸው፤ ሦስቱም በአማን ቤተ ክርስቲያን አላቸው። የቅብጦቹ አብደሊ በሚባለው ሰፈር፣ ከትልቁ የንጉሥ አብደላህ መስጊድ አጠገብ ስለሆነ ለመፈለግ አትቸገሩም።

ከቅብጦች ጋር መቀደስ ለእኛ ይቀላል። የወራቸው መባቻ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ቱት የሚሉት ወር አንደኛው ቀን የእኛ መስከረም 1፣ ኪያህክ የሚሉት ሃያ ዘጠነኛው ቀን የእኛ ታኅሣሥ 29 ነው፤ ስለዚህ ልደትንም ትንሣኤንም በአንድ ቀን ታከብራላችሁ። ዘወትር የሚቀድሱበት የባስልዮስ ቅዳሴም ከእኛ 14 ቅዳሴያት አንዱ ነው፤ ዐረብኛውን ባትረዱት እንኳ «ኪርያላይሶን» ሲሉ የት እንደ ደረሱ ታውቃላችሁ። የአገሪቱ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ በዓርብም ስለሚቀደስ፣ እሑድ የሚወስዳችሁ ብታጡ ዓርብ ሂዱ። በወንበር ተቀምጠው ሲያስቀድሱ፣ በነቢያት ጾምም ዓሣ ሲበሉ ብታዩ አትደናገጡ፤ እነርሱ በሥርዓታቸው ናቸው፣ እናንተም የራሳችሁን ጠብቁ። ለመቁረብ ከፈለጋችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ደብዳቤ ቢጽፉላችሁ ለዚያው ካህን ታሳያላችሁ፤ የ18 ሰዓቱንም ጾም እንደ አገራችሁ ሥርዓት ጹሙ።

በቤት ውስጥ የምታርፉበት ክፍል የጸሎት ቦታችሁ ይሁን። በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ትንሽ ሥዕለ አድኅኖ አኑሩ፤ ጠዋትና ማታ ከልጆቹ ጋር አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፤ የዕለቱንም ውዳሴ ማርያም አንብቡ። ጅማ ላይ ጎረቤቶቻችሁ ወደ ሰሜን ዞረው ሲሰግዱ አይታችኋል፤ አማን ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ ዞረው ታገኟቸዋላችሁ። ልጆቹ ቢጠይቁ መካ ለጅማ በሰሜን፣ ለአማን በደቡብ እንደሆነች አስረዷቸው፤ እኛ ግን የትም ብንሆን የጌታችንን ምጽአት እየጠበቅን ወደ ምሥራቅ እንደምንጸልይም ንገሯቸው። ማተባቸውን አይፍቱ፤ ማተብም መስቀልም ማሰር በዚያ አገር አይከለከልም። ከአክስታቸው ቤተ ዘመድ ልጆች ጋር ይጫወቱ፣ ዐረብኛም ይማሩ፤ ነገር ግን ወደ መስጊድ ለስግደት አይሂዱ፣ የሌላውን የእምነት ምስክርነት ቃልም ለጨዋታ ብለው እንዳይደግሙ ቀስ አድርጋችሁ አስረዷቸው።

ቆይታችሁ ከረመዳን ጋር ከተገናኘ፣ በቀን በመንገድ ላይና በጿሚዎች ፊት አትብሉ፤ በአደባባይ መብላት በሕግም ያስጠይቃል። ማታ ሲያፈጥሩ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ቴምሩንና ሾርባውን መቅመስ የእነርሱን ጾም መጾም አይደለም፤ ሾርባው ሥጋ እንደሌለው ብቻ ጠይቁ። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ ገቡ ታስታውሳላችሁ፤ እንዲህ ሲገጥም የማን ጾም ይበልጣል የሚል ክርክር በማዕድ ላይ እንዲነሣ አትፍቀዱ።

ስለ እኅትዎ የምለው በሁለት ነገር ያበቃል። እርስዎ ቀድመው አይመርምሯት፣ በአማቶቿም ፊት አይውቀሷት፤ ሌሊት ከሕፃናቱ ጋር አብራችሁ ስትነቁ፣ እናታችሁ በልጅነታችሁ ታደርግ እንደነበረው ስትጸልይ ስትሰማ፣ እርሷው ልትጠይቅ ትችላለች፤ ያን ጊዜ የንስሐ በር ክፍት እንደሆነ ያለ ተግሣጽ ንገሯት። ሁለተኛው ደግሞ ሳይነገር እንዳይቀር የምፈልገው ነው፦ እናትዎ ከፍቅራቸው የተነሣ መንታዎቹን በ40 እና በ80 ቀናቸው ሰርቀው የማስጠመቅ ሐሳብ ቢመጣባቸው አጥብቀው ይከልክሏቸው። ሕፃን የሚጠመቀው በወላጆቹና በክርስትና አባቱ ወይም እናቱ እምነት፣ በሃይማኖት ለማሳደግ ቃል ተገብቶ ነው፤ በዚያ አገር ሕግ ደግሞ የሙስሊም አባት ልጅ ሙስሊም ተብሎ ይመዘገባል። አባት ሳያውቅ ቢደረግ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው አይኖርም፤ ነገሩ ሲገለጥም መከራው በእኅትዎ ትዳርና ባጠመቀው ካህን ላይ ይወርዳል። እናትዎ ሕፃናቱን ታቅፈው ያርሷቸው፤ ስማቸውንም በየዕለቱ በጸሎታቸው ይጥሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።