«ጋሼ ካልፈቀዱ መልቀቅ አልችልም?»

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚያስመጣ የግል ድርጅት ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ። ስድስት ዓመት ሞላኝ። ደመወዜ 12,000 ብር ነው። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው፤ እንደ አባት ነው የማያቸው። እናቴ የታመመች ጊዜ ገንዘብ አበድረውኛል፣ ከሱም ገና 8,000 ብር ይቀርብኛል። አሁን ሌላ ቦታ በተሻለ ደመወዝ አለፍኩ። ግን «በሳምንት ውስጥ ጀምሪ» አሉኝ። ለጋሼ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨንቆኛል። አምና አንድ ልጅ የመልቀቂያ ማመልከቻ ቢያስገባ «አልፈቀድኩም» ብለው ሁለት ወር አመላልሰውታል። ጓደኞቼ «ደመወዝሽን ተቀበይና ስልክሽን ዘግተሽ ጥፊ» ይሉኛል። ዋስ የሆነኝ አጎቴ ይህን ሰምቶ እንቅልፍ አጥቷል። ምን ላድርግ?
የጨነቃት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ አትጥፊ።

አንቺ ስቶር ኪፐር ነሽ። ቁልፉ አንቺ ጋ ነው። ቢን ካርዱ (የገባና የወጣ ዕቃ የሚመዘገብበት ካርድ) ላይ ያለው ፊርማ የአንቺ ነው። ስድስት ዓመት የገባውና የወጣው ዕቃ ሁሉ የሚጠየቀው በአንቺ ስም ነው። ማክሰኞ ስልክሽን ዘግተሽ ብትቀሪ ረቡዕ ቆጠራ ይደረጋል፣ ቆጠራው ላይ ደግሞ አንቺ የለሽም። ይህን ያህል ቧንቧ ጎደለ ቢባል «የለም፣ እሱ እኮ በጋሼ ትእዛዝ ነው የወጣው፣ ወረቀቱ እዚያ ፋይል ውስጥ አለ» ብሎ የሚናገርልሽ ሰው አይኖርም። ጉድለቱ የአንቺ ይሆናል። ነገሩ ከፍ ካለ እምነት ማጉደል ተብሎ ፖሊስ ጋ ይደርሳል፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው በርም የአጎትሽ ነው። እንቅልፍ ቢያጡ አይፈረድባቸውም። በዚያ ላይ ሳያስጠነቅቅ ጥሎ የሄደ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሳ ይከፍላል፤ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ሊደርስ ይችላል፣ የሚነሳውም ከቀሪ ክፍያሽ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። «አልፈቀድኩም» የሚለው ቃል ስንቱን ሰው ቦታው ላይ አስሮ እንደሚያስቀር ሳይ በጣም ያናድደኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 የሚለው ግልጽ ነው፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የሥራ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። «አሠሪው ሲፈቅድለት» የሚል ነገር የለበትም። የምታስታውቂው አንቺ ነሽ፣ ቀኑን የምትቆጥሪውም አንቺ ነሽ። ይህ አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችንና የሥራ መሪ የሚባሉትን ኃላፊዎች አይመለከትም፤ አንቺን ግን ይመለከታል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከራሳችን ደብዳቤ ነው። «ማመልከቻ» ብለን እንጀምራለን፣ «እንዲፈቀድልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ብለን እንጨርሳለን። ከጠየቅን ደግሞ መከልከል ይመጣል። ያ ልጅ የተጉላላውም በዚሁ ይመስለኛል። ትህትናሽን በአንደበትሽ አሳዪ፣ ወረቀቱ ላይ ግን ማስታወቅሽን ብቻ ጻፊ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ። ጉዳዩ፦ የሥራ ውል ለማቋረጥ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት። በድርጅቱ በስቶር ኪፐርነት ስሠራ ቆይቻለሁ። በግል ምክንያት ሥራዬን የምለቅ ስለሆነ ከየካቲት 3 ጀምሮ የሚታሰብ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በዚህ ደብዳቤ ሰጥቻለሁ። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ መጋቢት 2 ነው። በእጄ ያለውን ንብረት በቆጠራ የማስረክበው ሰው እንዲመደብልኝ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዬና ቀሪ ክፍያዬም እንዲዘጋጅልኝ አሳስባለሁ።»

በቃ፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ስለ አዲሱ ሥራ አትጻፊ፣ የቆየ ቅሬታም ካለሽ እዚህ አታስገቢው። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የካቲት 2 ከሰጠሽ መጋቢት 2 ያልቃል፣ ጳጉሜን መሃል እስካልገባች ድረስ።

ደብዳቤውን ሁለት ኮፒ አድርጊው። አንዱን ትሰጫለሽ፣ ሌላው ላይ «ደርሶኛል» የሚል ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም አስደርገሽ ይዘሽ ትወጫለሽ። ይህን አጥብቄ የምልሽ እኔ ራሴ ስለተቃጠልኩበት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የግል ድርጅት ስለቅ ደብዳቤዬን ለአለቃዬ በእጁ ሰጠሁት፣ አንብቦም «እሺ፣ መልካም ዕድል» አለኝ፣ እኔም ወሬው ደስ ስላለኝ ኮፒ ማስፈረም እንደ ነውር ታየኝና ዝም አልኩ። በወሩ ስወጣ ሰው ሀብት ክፍል «የደረሰን ደብዳቤ የለም፣ ሥራ ጥለህ ነው የሄድከው» አለኝ። አለቃዬም አላስታወሰም። የመጨረሻ ደመወዜ ቀረ፣ የሥራ ልምዴን ለማግኘት ወራት ፈጀብኝ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። እናም መዝገብ ቤት ካላችሁ እዚያ አስገቢውና ቁጥሩን ያዢ። ከሌለ ጸሐፊዋ ወይም ሒሳብ ሹሙ ይፈርሙልሽ። «አልቀበልም» ቢሉሽ አትጨቃጨቂ፤ በፖስታ ቤት ሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ላኪው፣ ደረሰኙን አስቀምጪ።

ጋሼን በተመለከተ ግን ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት አንቺው ራስሽ ንገሪያቸው። ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት ነው የሚያዝኑብሽ። ደንበኛ የማይበዛበት ሰዓት ምረጪ፣ ጠዋት ይሻላል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ግቢ። «ጋሼ፣ እናቴ ታማ በነበረ ጊዜ ያደረጉልኝን መቼም አልረሳውም። አሁን የተሻለ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልሄድ ወስኛለሁ። ወሩን ሙሉ አለሁ፣ የሚተካኝንም አለማምዳለሁ» በያቸው። «ልሄድ አስቤ ነበር፣ ምን ይሉኛል?» ካልሻቸው ግን በር ከፍተሻል፤ ሽምግልና ይመጣል፣ ልመና ይመጣል፣ ደመወዝ እጨምራለሁ ይመጣል። በእርግጥ ጭማሪው ሊያስቀርሽ የሚችል ከሆነ ከመግባትሽ በፊት ከራስሽ ጋር ጨርሺ። ቢቆጡ ታገሻቸው። ስድስት ዓመት መጋዘናቸውን አምነው የሰጡሽ ሰው ናቸው፤ ቢከፋቸው ምን ይገርማል?

«በሳምንት ጀምሪ» ላሉሽ ዛሬውኑ ደውይ። መጀመሪያ ግን የቅጥር ደብዳቤውን በእጅሽ አስገቢ፣ በስልክ ቃል ብቻ ሥራ አይለቀቅም። ከዚያ «በሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አለብኝ፣ የማስረክበው ንብረት አለ፣ በዚህ ቀን እጀምራለሁ» በያቸው። እነሱም ነገ ስቶራቸውን ላንቺ ሊያስረክቡ ነው እኮ! አስረክባ የምትመጣ ሰው አትጠላም። ካልተስማሙ ደግሞ ጋሼን መጠየቅ ትችያለሽ፤ ሁለታችሁ ከተስማማችሁ ጊዜውን ማሳጠር ይቻላል፣ ብቻ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። አንድ ነገር አስቢበት፤ አዲሱ ቦታ የሙከራ ጊዜ ይኖራል፣ እስከ 60 የሥራ ቀን። በዚያ ጊዜ ውስጥ አልሆንሽንም ቢሉሽ ወደ ኋላ ስትመለከቺ የጋሼ በር ክፍት ሆኖ ቢቆይሽ መልካም ነው።

ርክክቡን የመጨረሻው ቀን ላይ አታድርጊው። ሁለት ሳምንት ሲቀርሽ ተረካቢውን ይዘሽ፣ የሒሳብ ክፍል ሰው ባለበት፣ መደርደሪያ በመደርደሪያ ቁጠሩ። ትርፍም ጉድለትም ካለ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሦስታችሁም ፈርሙ፣ አንድ ኮፒ የአንቺ ይሁን። ቁልፉን ስትመልሺም አስፈርሚ። ተተኪ አልመደብንም ካሉሽ ቆጠራ እንዲደረግ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ጥያቄሽንም እንደ መጀመሪያው ደብዳቤ አስፈርሚ። ክሊራንሱ (ንብረትና ዕዳ እንደሌለብሽ የሚረጋገጥበት) ሲያልቅ ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ፦ ዋስትናው። አጎትሽ የፈረሙበት የዋስ ወረቀት ተመላሽ እንዲሆን ወይም ዋስትናው መውረዱን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ጠይቂ። ያቺን ወረቀት ወስደሽ በእጃቸው ስጫቸው።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ጥሩ ዜና አለሽ። «በራሱ ፈቃድ የለቀቀ የአገልግሎት ክፍያ የለውም» የሚባለው ለሁሉም አይሠራም። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት፣ በራሱ ፈቃድ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። የአንቺን እናስላው። 12,000 ለመጀመሪያው ዓመት፣ ለአምስቱ ዓመት ደግሞ 4,000 በ5፣ ማለትም 20,000። ድምሩ 32,000 ብር፣ ግብር ሳይቆረጥ። ብትጠፊ ኖሮ ይህን ለመጠየቅ በየትኛው ፊትሽ ትመለሺ ነበር? ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድም ካለ በገንዘብ ይታሰብልሻል። ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ስንት ቀን እንደቀረሽ ከአሁኑ አጣሪ።

የጋሼን 8,000 ብር እሳቸው እስኪያነሱት አትጠብቂ። የነገርሻቸው ዕለት «ያለብኝን ከቀሪ ክፍያዬ ላይ ያንሱት» ብለሽ አንቺው ተናገሪ፣ በጽሑፍም አስፍሩት። ከወር ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶው መብለጥ ስለሌለበት እንዴት እንደሚነሳ አብራችሁ ተነጋገሩ። ብድር ስላለብሽ መልቀቅ አትችዪም የሚልሽ ካለ አትስሚው፣ ብድርና ሥራ የተለያዩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከተቀጠርኩ አንድ ወር ሆነኝ። ሥራው አልተስማማኝም። አለቃዬ «30 ቀን ሳትሞላ አትወጣም» ይለኛል። እውነት ነው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውልህን አውጣና አንብበው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ተይዞልህ ከሆነና ገና ካልጨረስከው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለህ። ውሉ ላይ ስለ ሙከራ ምንም ካልተጻፈ ግን እንደ መደበኛ ሠራተኛ ነህ፣ አለቃህ ልክ ናቸው። በሁለቱም መንገድ ብትሄድ አጭር ደብዳቤ ጽፈህ፣ የያዝከውን ላፕቶፕም ሆነ መታወቂያ መልሰህ፣ የሠራህበትን ቀን ደመወዝ ጠይቀህ ውጣ።

ጥያቄ፦ ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ አስረክቤ፣ ክሊራንስ ጨርሼ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። የመጨረሻ ደመወዜንም የሥራ ልምዴንም «ነገ ና» እያሉ አልሰጡኝም። ተስፋ ቆርጫለሁ።
ከአዳማ

መልስ፦ ተስፋ አትቁረጥ፣ ግን ጊዜህንም አታባክን። የሥራ ውል ከተቋረጠ በኋላ ደመወዝና ተያያዥ ክፍያዎች በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለባቸው። ሠራተኛው ንብረት ለማስረከብ ከዘገየ ነው የሚራዘመው፣ አንተ ደግሞ አስረክበሃል። የምትጨቃጨቁበት ሒሳብ ቢኖር እንኳ ያልተካካዳችሁበትን ይክፈሉህ። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪን ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። የሥራ ልምዱን በተመለከተ፣ የሠራኸውን የሥራ ዓይነት፣ ያገለገልክበትን ዘመንና ደመወዝህን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

መጀመሪያ የሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ ጽፈህ አስገባና ኮፒህ ላይ አስፈርም። መልስ ካጣህ አካባቢህ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂድ፣ እዚያ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉ። ካልሆነ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለውም። ግን ቀን ቁጠር። እንዲህ ዓይነት የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፣ አንተ ደግሞ ሁለቱን ወር «ነገ ና» ሲሉህ ጨርሰሃል። ነገ ጠዋት ስትሄድ የተፈረመባትን የማስጠንቀቂያ ኮፒ፣ የርክክብ ሰነዱንና ክሊራንሱን ይዘህ ሂድ፤ ዋናውን አትስጣቸው፣ ፎቶ ኮፒ ስጣቸው።