የከሰል ጉድጓድ የነበረው ሐይቅ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ጀርመን፣ ላይፕሲግ ከተማ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ለሁለት ወር መጥታልኛለች። ቤት መቀመጥ አንገሽግሿታል፤ ዳገት ግን ጉልበቷን ያማታል። ጓደኞቼ «ኮስፑደነር ዜ የሚባለው ሐይቅ ወስደሽ ዙሪያውን አዙሪያት» ይሉኛል። የድሮ የማዕድን ቦታ መሆኑን ስሰማ ደግሞ መሬቱ ቢናድስ ብዬ ፈራሁ። ልውሰዳት?
ሐ.፣ ከላይፕሲግ

መልስ፦ ውሰጃቸው ልጄ። ሐይቁን የሚዞረው መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው አስፋልት፣ ሜዳ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ሲመላለሱ ለኖሩ እናት ቀስ እያሉ ቢሄዱት አይከብድም።

ፍርሃትሽ ግን ከንቱ አይደለም። ከሰል ሲወጣ የተከመረው አፈር ልል ነው፤ ውሃ ከስሩ ሲገባበት በድንገት እንደ አጥሚት ሊፈስ ይችላል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2009 ናህተርሽቴት ላይ፣ እንዲሁ የከሰል ማዕድን በነበረ ሐይቅ ዳር፣ መሬቱ ከነቤቱ ተንዶ ሦስት ሰው ሞቷል። የእናንተው ሐይቅ ኮስፑደን ግን ዳርቻው ተስተካክሎ ለሕዝብ የተከፈተው በ2000 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ)፤ በመንገዱ ላይ እስከሄዳችሁ አትስጊ። «ቤትሬተን ፈርቦተን» (መግባት ክልክል ነው) የሚል ምልክት ካየሽ ግን ለፎቶ ብለሽም አትለፊው።

እኔ ይህችን ከተማ ያወቅኋት በ1986 ለትምህርት ስመጣ ነው። የዚያን ጊዜ ክረምት ከተማው ሁሉ ቡናማ ከሰል ቡናማ ከሰል ይሸት ነበር። ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ወጥቼ ማታ ስመለስ አንገትጌው ዙሪያውን ግራጫ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከጓሮ ያሰጣሁትን አንሶላ መልሼ ያጠብኩበት ቀን ብዙ ነው። ዛሬ ሰው የሚዋኝበት ውሃ ያን ጊዜ ማሽን የሚቆፍረው ጉድጓድ ነበር። ኮስፑደን የሚባለው መንደርም ለከሰሉ ሲባል ፈርሷል፤ ለሐይቁ የቀረለት ስሙ ነው። ቁፋሮው በ1981 ጀምሮ ወደ ከተማዋ ደን ሲገፋ፣ በ1990 የአካባቢው ሰው በሰልፍ ወጥቶ «ይቁም» አለ፤ ቆመም። ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ ሥራ ላይ ከነበሩ ሌሎች የከሰል ማውጫዎች የሚወጣው ውሃ በቧንቧ እየተሳበ ገባበት። ጥልቁ ቦታ ዛሬ ከ50 ሜትር ያልፋል።

ከጼቢግከር የጀልባ ወደብ ጀምሩና ሐይቁን በግራ እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ። ኖርድሽትራንድ የሚባለው የሰሜኑ ዳርቻ ስትደርሱ አሸዋ ነው፤ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ያድርጉ፤ ለጉልበት የሚሰጠውን እረፍት እኔ አውቀዋለሁ። ከደከማቸው ከዚያው ተመለሱ፤ ግዴታ የለባችሁም። ከበረቱ በምዕራቡ ዳር ቀጥሉ፤ ዛፍ አለ። እሑድ ግን አትሂዱ፤ ብስክሌተኛውና ባለ ጎማ ጫማው እንደ ንፋስ ነው የሚያልፈው። እናትሽ ደወሉን ሰምተው ወዴት እንደሚሸሹ አያውቁም፤ አንቺ ከጎናቸው ሁኚ። የሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል።

በምዕራቡ በኩል ቢስቱምስሄ የሚባል ኮረብታ ላይ 35 ሜትር የሚሆን ማማ አለ። ደረጃውን እሳቸው አይሞክሩት፤ አንቺ ግን ውጪው። በሰሜን ከተማው ይታይሻል፤ በደቡብ ደግሞ የሊፐንዶርፍ ኃይል ማመንጫ ነጭ እንፋሎቱን ሲተፋ ታያለሽ። እሱ ዛሬም ያንኑ ቡናማ ከሰል ነው የሚያነደው። በስልክሽ አንሺውና ወርደሽ አሳዪያቸው። ሻይ በቴርሞስ፣ ዳቦ ቆሎም በላስቲክ ያዢ፤ በምዕራቡ ዳር ረጅም መንገድ ያለ ሱቅ ትሄዳላችሁ።