የመጋቢው ደመወዝ ስንት ይሁን?

ጥያቄ፦ የአጥቢያችን የፋይናንስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። መጋቢያችን የሚኖሩት በቤተ ክርስቲያኒቱ ቤት ነው። ደመወዛቸው ትንሽ ሲሆን ልዩ ልዩ አበል ይጨመርላቸዋል። «ቤት አላቸው፣ ምእመናንም በስጦታ ይደግፏቸዋል፤ ጳውሎስስ ድንኳን እየሰፋ አላገለገለም?» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ተገቢውን መጠን እንዴት እንወስን?

መልስ፦ ከጳውሎስ እንጀምር። በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል እንዲኖሩ መታዘዙን ካስረዳ በኋላ መብቱን የተወው ራሱ ነው፤ ሽማግሌዎች አልተዉለትም።

ስሌቱን «ካዝናው ውስጥ ስንት አለ?» ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ የሥራ ዝርዝሩን ጻፉ፤ ስብከቱን ብቻ ሳይሆን ዝግጅቱን፣ ጉብኝቱን፣ ምክሩንና አስተዳደሩንም። ከዚያ በአካባቢያችሁ በትምህርት፣ በልምድና በኃላፊነት የሚመጣጠን ሥራ ፈልጉ። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ብዙ ጊዜ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው።

ለጉብኝት የወጣ የትራንስፖርትና የስልክ ገንዘብ ደመወዝ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ወጪ ስለሆነ በደረሰኝ ይተካ። የምእመናን ስጦታም በጀት ውስጥ አይገባም። ኑሯቸው በስጦታ የተንጠለጠለ መጋቢ ሰጪውን ለመገሠጽ መቸገራቸው አይቀርም።

ከሁሉ የሚያሳስበን አበሉ ነው። ጡረታ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው አበል ካልተጨመረበት መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ሁለት መጋቢዎች በወር እኩል 100 ይቀበላሉ እንበል፤ የአንዱ ሙሉው ደመወዝ ነው፣ የሌላው 40 ደመወዝ፣ 60 አበል። መዋጮው 10 ከመቶ ቢሆን በ30 ዓመት ለመጀመሪያው 3,600 ሲጠራቀም ለሁለተኛው 1,440 ብቻ ይሆናል፤ ወለዱን ሳንቆጥር። ስለዚህ ቋሚ አበሎችን ወደ ደመወዙ አስገቡ።

ቤቱም እንዲሁ ነው። መጋቢው ጡረታ ሲወጡ ለተተኪው ይለቁታል፤ ዕድሜ ልክ ኪራይ ባይከፍሉም የራሳቸው የሚሉት አንድ ክፍል የላቸውም። ወይ የቤት አበል ጨምራችሁ ቤታቸውን ራሳቸው ይያዙ፣ ወይ ቤቱን ሰጥታችሁ ከኪራይ ግምቱ የተወሰነውን በየወሩ በስማቸው አስቀምጡ። ቢሞቱ ቤተሰቡ በቤቱ ስንት ወር እንደሚቆይም ዛሬ በጽሑፍ ይወሰን። በእኛ አስተያየት ከ6 ወር ማነስ የለበትም።

ደመወዙ በየዓመቱ በጀት ከመጽደቁ በፊት ይታይ። መጋቢው ፍላጎታቸውን ያስረዱ፣ ውሳኔ ሲሰጥ ግን ይውጡ፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ በደብዳቤም ይድረሳቸው። ኑሮ ሲወደድ ያልተነካ ደመወዝ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት ተቀንሷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ለአዳር ጸሎት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራሉ። «አገልግሎት ነው» ይባላል። ተገቢ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጥበቃው በመዘምራን ቡድን ቢዘምር አገልግሎት ነው፤ በር ሲጠብቅ ካደረ ግን ሥራ ላይ ነው። መለየት ካቃታችሁ «አልችልም ቢል እንጀራው ላይ ይመጣበታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመጣበት ከሆነ ሰዓቱ ይመዝገብ፣ የትርፍ ሰዓት ይከፈለው፤ ሕጉ ከፈቀደና እሱም ከተስማማ በምትኩ ዕረፍት ይሰጠው። እሑድ የሚሠሩ ሁሉ፣ መጋቢውም ጭምር፣ በሳምንቱ ውስጥ ሌላ የታወቀ የዕረፍት ቀን ሊኖራቸው ይገባል።