መልስ፦ ትራክተሩ ጋራዥ ሲተኛ ሞራልም አብሮ ይተኛል?

ወንድሜ፣ «የጭነት ጉተታ ውድድር የምወዳደርባትን አሮጌ ትራክተሬን፣ ፋርማል ኤሜን፣ ጥቅምት ላይ ጋራዥ ካስገባኋት ወዲህ ዞር ብዬ አላየኋትም፤ እስከ ግንቦቱ ውድድር ሞራላችሁ እንዴት ይዘልቃል?» ብለሃል። እኔም እዚሁ ሚኒሶታ የመጀመሪያውን ክረምት (የበረዶውን ማለቴ ነው) እንደዚያው ነበርኩ።

ጥፋቴ ሁሉንም ሥራ በአንድ ቅዳሜ ልጨርስ ማለቴ ነበር። ጣቴ ደንዝዞ በግማሽ ሰዓት እመለሳለሁ። አሁን ትናንሹን ዕቃ ፈትቼ ቤት አስገባለሁ። ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) የማስገባው ቤንዚኑን ውጭ አንጠፍጥፌ ነው፤ አለበለዚያ ባለቤቴ እኔንም ውጭ ታሳድረኛለች። የማግኔቶውን (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚያመነጨውን ዕቃ) ኮንታክት ጠርጌ ክፍተቱን 0.013 ኢንች ላይ አስተካክላለሁ። ቡና እየጠጡ የሚሠራ ሥራ ነው፣ አንድ ማታ ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚያነቃኝ ግን ደብተሬ ነው። በየውድድሩ የጎማውን ንፋስ፣ የመጎተቻ ጋንቾውን ከፍታ፣ ትራክተሯ ላይ የምጨምረውን ክብደት የት እንዳሰርኩና ስንት ጫማ ርቀት እንደጎተትኩ እጽፋለሁ። የምንጎትተው ስሌድ (ከትራክተሩ ኋላ የሚታሰረው ባለጭነት ተጎታች) ላይ ያለው ጭነት በሄድን ቁጥር ወደ ፊት እየመጣ ይከብዳል አይደል? አምና መጨረሻው ላይ አፍንጫዋ እየተነሳ መሪው እምቢ ይለኝ ነበር። ደብተሩን ሳየው ለካ ክብደቱን ከኋላ አብዝቼዋለሁ። ዘንድሮ ለፊት ማሰሪያ እየበየድኩ ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ናፈቀችኝ ብለህ ለአምስት ደቂቃ አታስነሳት። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ከጠፋ ውስጡ እርጥበት ይቋጥርና ዘይቱን ያበላሻል። ባትሪዋን ግን አውጥተህ ቤት አስገባት።