ለተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ውለታ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ በልጅነቴ ከኢትዮጵያ መጥቼ ያደግኩት ሜሪላንድ ነው። እናቴ በሆቴል ጽዳት፣ አባቴ በታክሲ ሥራ አስተምረውኛል፤ ከቤተሰባችን ዲግሪ የያዝኩት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። የተማርኩት ከታሪካዊዎቹ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ሲሆን አሁን ነርስ ነኝ። በመጨረሻው ዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ጎድሎኝ ምዝገባዬ ሲታገድ፣ አንዲት መምህሬ ከዚህም ከዚያም አሰባስባ ባትከፍልልኝ ኖሮ አልመረቅም ነበር። በዓመት 1,000 ዶላር ያህል መስጠት እችላለሁ። በእናቴ ስም ቋሚ ስኮላርሺፕ ለማቋቋም ግን 25,000 ዶላር ያስፈልጋል ተባልኩ። እስኪጠራቀም ልጠብቅ? ወይስ እዚያው ለምትማረው ለአክስቴ ልጅ፣ ካልሆነም ለሐበሻ ልጆች ብቻ እንዲውል ማድረግ እችላለሁ?
ሰ. ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አይጠብቁ። ቋሚ ስኮላርሺፕ የሚባለው ዋናው ገንዘብ ሳይነካ በኢንቨስትመንት ላይ ተቀምጦ በየዓመቱ ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ብቻ ለተማሪ የሚከፈልበት ፈንድ ነው፤ በዚህ ስሌት 25,000 ዶላር ለአንድ ተማሪ የሚያስገኘው በዓመት ከ1,000 እስከ 1,250 ዶላር ነው። እርስዎ ዛሬ በቀጥታ የሚሰጡት ገንዘብ ለዘንድሮ ተማሪ የሚያደርገው ያንኑ ያህል ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ቋሚው ፈንድ እርስዎ መስጠት ካቆሙ በኋላም መቀጠሉ ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ቢሆንም፣ 25 ዓመት ቆጥቦ ለመጀመር የሚያበቃ ምክንያት ግን አይመስለኝም።

ገንዘቡ የት ይግባ ለሚለው ከራስዎ ታሪክ የተሻለ መልስ የለም። አትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከታሪካዊዎቹ የጥቁሮች ተቋማት የሚቆጠር ባይሆንም፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለመመረቅ ተቃርበው በጥቂት ዕዳ ምክንያት ከምዝገባ የሚሰረዙ ተማሪዎችን ራሱ ከመዝገቡ እየለየ፣ ማመልከቻ ሳይጠይቅ እስከ 2,500 ዶላር ይሸፍንላቸዋል። ማመልከቻ አለመጠየቁን ልብ ይበሉ። ከቤተሰቡ ቀድሞ ኮሌጅ የገባ ተማሪ ብዙ ጊዜ የትኛው ቢሮ ምን እንደሚሰጥ የሚነግረው ሰው የለውም፤ ቢያውቅም፣ እኛ ቤት እንዳለው ይሉኝታ፣ ለምኖ ከመጠየቅ ትምህርቱን ማቋረጥ የሚቀለው አለ። ስለዚህ የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ የአስቸኳይ ጊዜ ወይም የማጠናቀቂያ ድጋፍ ፈንድ ካለው ገንዘብዎን እዚያ ያስገቡ፤ ከሌለው እንዲጀመር ይጠይቁ። እንደ እርስዎ ተቸግረው የተመረቁ አምስት ስድስት ጓደኞች ይዘው ከጠየቁ ደግሞ ጥያቄው ክብደት ያገኛል።

የአክስትዎን ልጅ በተመለከተ፣ በዩኒቨርሲቲ በኩል ለአንድ ለተለየ ሰው ብለው የሚሰጡት ገንዘብ በአሜሪካ ሕግ ከታክስ ተቀናሽ ሊሆን አይችልም፤ ተቀባዩን የሚመርጠው ተቋሙ መሆን አለበት። ልጅቱን መርዳት ከፈለጉ በእጇ ይስጧት፤ ቤተሰብ ለቤተሰብ ለማድረግ አገናኝ ቢሮ አያስፈልገውም።

ለሐበሻ ልጆች ብቻ የሚለውን ግን አልደግፍም። በአንድ በኩል፣ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኙ ተቋማት በዘርና በትውልድ አገር መለየትን ስለሚከለክል፣ ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለውን ቅድመ ሁኔታ ላይቀበል ይችላል። በሌላ በኩል እኛ ለጥቁር አሜሪካውያንና ለዩኒቨርሲቲዎቻቸው ያለብን ውለታ ከእርስዎ ትምህርት ቀድሞ የጀመረ ነው፦ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እ.ኤ.አ. በ1867 በተመሠረተው ከታሪካዊዎቹ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በሆነው በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የዓለም የኢትዮጵያ ፌዴሬሽንን አቋቁመው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ ድጋፍ ያሰባሰቡትም በአብዛኛው ከጥቁር አሜሪካውያን ነው። መስፈርት ማስቀመጥ ካሰኘዎት፣ ወላጆቹ ዲግሪ የሌላቸው የመጨረሻ ዓመት የነርስነት ተማሪ ቢሉ የአክስትዎ ልጅም ሆነች ሌሎች ሐበሾች መስፈርቱን ካሟሉ በሩ ክፍት ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

የእናትዎን ስም ማስጠራቱ ደግሞ ቋሚ ፈንድ እስኪቋቋም መጠበቅ የለበትም፤ በየዓመቱ በሚታደስ ልገሳ ላይ ስም ማኖርን የሚፈቅዱ ተቋማት አሉ። ገንዘቡ ትንሽ ነው ብለው እንዳያፍሩ ኦሴዮላ ማካርቲን ላስታውስዎት፦ በሚሲሲፒ ሃቲስበርግ ከተማ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልብስ ሲያጥቡ የኖሩና ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጡ ጥቁር ሴት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ካጠራቀሙት 150,000 ዶላር ያህሉን ለሳውዘርን ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አወረሱ። እሳቸው እንዲያውም እዚያ አልተማሩም።

ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት የፈንዱን ትክክለኛ ስም፣ በዚያው የትምህርት ዘመን ለተማሪ መድረስ አለመድረሱንና ተቀባዩን ማን እንደሚወስን ለዩኒቨርሲቲው የልገሳ ክፍል በኢሜይል ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ሠራተኛ በለገሰው ልክ የራሳቸውን የሚጨምሩ አሠሪዎች ስላሉ፣ የሚሠሩበት ሆስፒታል እንዲህ ያለ አሠራር እንዳለው የሰው ኃይል ክፍሉን ቢጠይቁ 1,000 ዶላሩ 2,000 ሊሆን ይችላል።