የስኳር ድንች «ድንቹ» ሥር ነው ወይስ ግንድ?

ጥያቄ፦ ስለ ስኳር ድንች በጻፍኩት አጭር መግለጫ ላይ «ዓመታዊ ተክል ነው፤ እንደ ድንች ከመሬት በታች ያፈራል፤ አበባው ጡሩምባ ይመስላል» ብዬ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ሦስቱም አገላለጾች አያስኬዱም አለኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው፤ ከሦስቱም ይበልጥ የሚያሳስበኝ «እንደ ድንች ያፈራል» የሚለው ነው። ፍሬ ከአበባ የሚገኝ፣ ዘር የሚይዝ አካል ስለሆነ፣ ተቆፍሮ የሚወጣውን ሁሉ ፍሬ ማለት በዕለት ንግግር ቢታለፍም በተክል ገለጻ ውስጥ ያሳስታል። «እንደ ድንች» ማለትም የስምን መመሳሰል የአካል መመሳሰል ያደርገዋል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ እንኳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1753 ሁለቱን የመደባቸው በተለያየ ወገን ነው። የድንች ዓይኖች ቡቃያ የሚወጣባቸው አንጓዎች ናቸው፤ አንጓ ያለው ደግሞ ግንድ እንጂ ሥር አይደለም። ስኳር ድንችን አገላብጠው ቢያዩት እንዲህ ያለ ዓይን አያገኙበትም፤ እዚህም እዚያም ቀጫጭን ሥሮች የበቀሉበት፣ ምግብ የቋጠረ ሥር ነው፤ ሲያቆጠቁጥም ቡቃያው በብዛት የሚወጣው ከሐረጉ ጋር ተያይዞ ከነበረው ጫፍ ነው። «ሥራ ሥር» የሚለው የግብርና ቃል ሁለቱንም ስለሚያጠቃልል ይህን ልዩነት አያሳይም። «ሥር» ራሱ «ታች» ማለትም ስለሚሆን፣ በዚሁ ገለጻ ውስጥ «ከአበባው ሥር» ከማለት «ከአበባው ግርጌ» ማለት ይሻላል።

ጡሩምባ ረጅም ቀጭን ቱቦው ጫፉ ላይ ሲደርስ ድንገት ይከፈታል። የስኳር ድንች አበባ ግን አምስቱ ቅጠሎቹ ተጋጥመው ከግርጌው ጀምሮ ቀስ በቀስ እየሰፋ ይወጣል፤ ስለዚህ የሚመስለው ዘይት ወደ ጠርሙስ የሚገለበጥበትን ማንቆርቆሪያ ነው። ሆኖም ቃሉ «አንቆረቆረ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ ውሃ የሚፈላበትንና የሚቀዳበትን ዕቃም ይጠራበታል፤ አንባቢ እንዳይደናገር «አፉ ሰፊ፣ ግርጌው ጠባብ» ብሎ ማብራራት ያስፈልጋል።

«ዓመታዊ» የሚለውም በአንድ ዓመት ውስጥ ስለሚሰበሰብ የመጣ ይመስለኛል፤ በተፈጥሮው ግን ተክሉ ቋሚ፣ ማለትም ከዓመት ዓመት የሚኖር ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ስኳር ድንች ምግብ የቋጠረ ሥር ያለው፣ በመሬት ላይ የሚሳብ፣ ከዓመት ዓመት የሚኖር ሐረግ ነው፤ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ አበባው አፉ ሰፊ፣ ግርጌው ጠባብ ሆኖ ማንቆርቆሪያ ይመስላል።»