ልጄ «እኔ» ማለት መቼ ይገባታል? የወላጆች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ14 ወር ልጄ መስታወት ስታይ ትስቃለች፣ ምስሉን ትስመዋለች። ራሷን አውቃ ነው?

መልስ፦ ገና ይመስለኛል እህቴ። በዚህ ዕድሜ ለብዙዎቹ መስታወት ውስጥ ያለችው ሌላ ሕፃን ናት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቢውላ አምስተርዳም በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ልጆቹ ሳያውቁ አፍንጫቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ መስታወት ፊት ቀረቡ። ከ20 እስከ 24 ወር የሆናቸው አብዛኞቹ ራሳቸውን ለዩ፤ እጃቸውን የሰደዱት ወደ ገዛ አፍንጫቸው ነው። ቤትዎ መሞከር ይችላሉ፦ አፍንጫዋን የሚጠርጉ መስለው ትንሽ ሊፕስቲክ ያስነኳት፤ ከዚያ ዝም ብለው ይመልከቱ። በጣት ካሳዩዋት ሙከራው ተበላሸ።

ጥያቄ፦ አራስ ልጅስ ስለ ራሱ ምንም አያውቅም ማለት ነው?

መልስ፦ ያውቃል፣ በገላው። የሰው ጣት ጉንጩን ሲነካው ጡት ፍለጋ ፊቱን ያዞራል፤ የራሱ እጅ ሲነካው ግን ይህን የሚያደርገው ባነሰ ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመቱ ልጄ ሁሉንም «የኔ ነው!» ይላል። ስስታም ሊሆንብኝ ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፣ አይቆጡት። «እኔ» የሚለው ሲገባው «የኔ» አብሮ ይመጣል። በዚሁ ሰሞን ሰው ሲያየው ያፍራል፣ የሚያለቅስ ልጅ ሲያይም ሊያባብል ይሞክራል።

ጥያቄ፦ መስታወት በሌለበት ገጠር ያደጉ ልጆችስ ወደ ኋላ ይቀራሉ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ብዙ ወላጅ በመስታወቱ ፈተና ብቻ ይጨነቃልና። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የስኮትላንድ፣ የቱርክና የዛምቢያ ሕፃናትን አወዳድሮ ነበር። በመስታወቱ የስኮትላንዶቹ በለጡ። ሌላው ፈተና ደግሞ ልጁ የቆመበትን ምንጣፍ ማንሳት ነበር፤ እንቅፋቱ የራሱ ገላ እንደሆነ ገብቶት መውረድ አለበት። በዚህኛው የዛምቢያዎቹ በለጡ። እናታቸው ጀርባ ላይ ታዝለው፣ ከሰው ገላ ሳይለዩ ያደጉ ልጆች ራሳቸውን የሚያውቁበት ሌላ በር አላቸው። የእኛንም አገር ልጆች በአንድ ፈተና ብቻ መመዘን አግባብ አይመስለኝም። ልጅዎ በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ ግን መስታወቱን ይተዉትና ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ በሁለት ዓመት እድገቱ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ ገና ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ፖቪኔሊ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ልጆች ሲጫወቱ ሳያውቁ ጭንቅላታቸው ላይ ስቲከር ለጥፎ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ቪዲዮውን አሳያቸው። የአራት ዓመት ልጆች አብዛኞቹ ወዲያው ስቲከሩን ከፀጉራቸው አነሱ። ከትንንሾቹ አንዷ ግን በቪዲዮው ያለችውን በራሷ ስም ጠርታ፣ ለምን የእኔን ሸሚዝ ለበሰች ብላ ጠየቀች።